የፓምፕ ጥገና፣ ክፍል አስራ ሁለት

በቴክኒክ ኮሌጁ ሁሉም «መዝገቧ» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር የበሩ ጥበቃ ነው፤ እሱም መታወቂያዋን በየጠዋቱ ስለሚያይ።

ስራዋ መምህራን በካሜራ የቀረጿቸውን ትምህርቶች ተቀብላ፣ ስም ሰጥታ፣ ተራ አስይዛ፣ ተማሪዎች በያሉበት በስልክና በኮምፒውተር እንዲያዩዋቸው ድረ ገጽ ላይ መጫን ነው። ሲወራ ቀላል ነው። መምህራኑ ግን ለፋይል ስም በማውጣት አንድም ቀን አልተባረኩም። አንዱ «የመጨረሻ» ብሎ ይልካል። በማግስቱ «የመጨረሻ የታረመ» ይመጣል። በሳምንቱ ደግሞ «ይሄ ነው የመጨረሻው፣ ያኛውን ተይው»። ሶስቱንም ከፍታ ብታይ ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ሸሚዝ፣ ያው አንድ ሳል። እሷም ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ የቱ ላይ ሰሌዳው እንደተጠረገና የቱ ላይ እንዳልተጠረገ ስታስተያይ ትውላለች። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ዋለች። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት የሰው ፊት ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ እየተንፏቀቀ የሚሞላው አረንጓዴ መስመር ነበር።

በዚህ ላይ ወንድሟ ታመመ።

በሰባት ዓመት ታናሿ ነው። በሞተር ሳይክል እቃ ያደርስ ስለነበር ሰፈሩ «ሩጤ» ይለዋል። ቆሞ የሚበላ፣ እየሄደ የሚያወራ፣ ሰላምታ ሰጥቶ መልሱን ሳይሰማ ማዕዘኑን የሚታጠፍ ሰው ነበር። ኩላሊቶቹ ስራ ሲያቆሙ ሀኪሞቹ በሳምንት ሶስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ሙሉ፣ ደሙ በማሽን እንዲታጠብ አዘዙ። ሩጤ አራት ሰዓት ወንበር ላይ! መጀመሪያ ሰሞን እንደ ልማዱ ሲቁነጠነጥ መርፌው ከክንዱ ሊነቀል ደርሶ ሲስተሯ «እንደ ህጻን ላስርህ እንዴ?» ብላ ጮኸችበት።

መዝገቧ ያን ማታ ከራሱ አፍ ሰማች። ወንድሟ ሚስትም ልጅም የለውም፤ ታሞ ያረፈውም እሷ ቤት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ጠዋት በታክሲ ታደርሰውና ከበሩ ላይ ወደ ስራዋ ትሮጣለች። ሲጨርስ ብቻውን ይመለሳል። ያን አራት ሰዓት በምን ይገፋዋል ስትል አሰበች፤ እጇ ላይ ያለው ሙያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ፋይል። ኮሌጁ ሊጥለው የነበረ አሮጌ ታብሌት በደብዳቤ አስፈቅዳ ወሰደች።

ታብሌቱ የታሪክ ቅርስ ነበር ማለት ይቻላል። ሆዱ ጠባብ ነው፣ ከአራትና አምስት ፊልም በላይ አይዝም። አዲስ ዓይነት ቪዲዮ ሲሰጡት ደግሞ ድምፁን እያወጣ ምስሉን ይውጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊልም እሱ በሚያውቀው ዓይነት ቀይሮ፣ አሳንሶ መጫን ግድ ነው። ፖድካስቶቹ ደጎች ናቸው፤ ድምፅ ብቻ ስለሆኑ ቦታ አይፈጁም። ግን ከኢንተርኔት ሲወርዱ ስማቸው የቁጥርና የፊደል ገንፎ ስለሆነ አንድ በአንድ «የመኪና ወሬ ፩»፣ «የመኪና ወሬ ፪» እያለች ትሰይማቸዋለች። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የምሳ ሰዓቷ በዚህ አለቀ። በአንድ እጇ ዳቦ፣ በአንድ እጇ ማውዝ። የቀድሞውን ጠርጋ ታጠፋለች፣ አዲሱን ትሞላለች። ቀልድ፣ ኳስ፣ የድሮ ፊልም፣ የሞተር ውድድር።

«እንዴት ነበር?» ትለዋለች ሲመለስ።

«አሪፍ ነበር።»

«የቱን ወደድከው?»

«ሁሉንም።»

ሁሉንም ወደድኩ የሚል ሰው ምንም እንዳላየ ልትጠረጥር ይገባት ነበር። የደከመ ሰው ግን ለጥርጣሬ የሚተርፍ ጉልበት የለውም። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ፣ ድካሙ ዓይኗን አፍዞት፣ ፎልደር ተሳሳተች። የቀልዶቹን ትታ ጎኑ ያለውን ገለበጠች። «የፓምፕ ጥገና፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች» የሚለውን። ለስልክ እንዲመች ያን ሰሞን አሳንሳ ያስቀመጠችው ነበር፣ ሃያ አንድ ቪዲዮ። ቅዳሜ የምዝገባ ግርግር ሆነና ታብሌቱን ሳትነካው ቀረች። ማክሰኞ ልታጠፋ ስትከፍተው ነው ጉዱን ያየችው።

«ወይኔ! ይሄን ነው ለበሽተኛ የሰጠሁት?»

ሩጤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አርብም ሰኞም «አሪፍ ነበር» ነው ያለው። እያፈረች ልታጠፋው ስትል፣ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ስር ያለችው ቀጭን ቀይ መስመር ዓይኗ ውስጥ ገባች። ያቺ መስመር ሰው የት ድረስ እንዳየ የምትናገር ናት። ክፍል አንድ፣ እስከ መጨረሻው። ክፍል ሁለት፣ እስከ መጨረሻው። ሃያ አንዱም ሙሉ በሙሉ ቀልተዋል። አራተኛው ስር እንዲያውም «ሁለት ጊዜ ታይቷል» ይላል።

ወንበሯ ላይ ተለጠጠች። አስረኛ ክፍልን ሳይጨርስ ደብተሩን የወረወረ ሩጤ፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ስለ ፓምፕ! መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ ቆመ። ፓምፕ ጥገና እኮ ተቀምጠው የሚሰሩት ሙያ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በእርጋታ፣ ከባድ ሳያነሱ። የውሃ ፓምፕ የሌለው ፎቅ ደግሞ የለም። ከታመመ ወዲህ «ነገ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቀው ወንድሟ፣ ለካ ውስጥ ውስጡን ነገን እያሰበ ኖሯል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ምሳዋን ከነጭራሹ ረሳችው።

ለሱ ምንም አልነገረችውም። ስሙን ከጠሩት የሚበርር ነገር መሰላት። ይልቅ ቪዲዮዎቹን ደግማ ስትቆጥር፣ የመጨረሻው ክፍል ሃያ ሁለት ሆኖ ሳለ ፋይሎቹ ሃያ አንድ ሆኑባት። ክፍል አስራ አንድ አለ፣ ክፍል አስራ ሶስት አለ። አስራ ሁለት የለም። ሰርቨሩ ላይ ፈለገች፣ ማከማቻው ላይ ፈለገች። ከዚያ ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። ባለፈው ዓመት ሰርቨሩ ሞልቶ ሲያጣብባት፣ የእኚህን መምህር «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ የታረመ» አይታ፣ እንደ ሌሎቹ አንድ ነገር ናቸው ብላ አንዱን አጥፍታው ነበር። አንድ አልነበሩም።

የፓምፕ መምህሩ ጡረታቸው የደረሰ፣ ረጅም፣ ካፖርታቸው ሁልጊዜ ግሪስ የነካው ሰው ናቸው። ወርክሾፓቸው ሄደች። ሆዱ የተዘረገፈ ፓምፕ ፊት ለፊት ተቀምጠው መነጽራቸውን በመሀረብ ይጠርጋሉ።

«መምህር፣ ጥፋት ይዤ ነው የመጣሁት» አለች፣ የሆነውንም ተናገረች።

መነጽራቸውን መጥረጋቸውን አላቆሙም። «እሱስ ጠፍቶ ማን አወቀ?» አሉ። «አንዴ ገብቼ ስንት ሰው እንዳየኝ ቆጠርኩ። ሶስት ይላል። ሁለቱ እኔ ነኝ።»

«እኔ ቤት ያለ ሰው ሃያ አንዱንም ጨርሷል። አራተኛውንማ ሁለት ጊዜ ነው ያየው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ማነው እሱ?»

«ወንድሜ ነው። ታማሚ ነው። ተቀምጦ የሚሰራው ሙያ ሳይፈልግ አይቀርም።»

«አራተኛው ስለ ድምፅ ነው» አሉ መምህሩ፣ ለሷ ሳይሆን ለፓምፑ የሚያወሩ ይመስል። «ፓምፕ ሲያመው በድምፁ እንዴት እንደሚታወቅ። እኔም የምወደው እሱን ነው።» ከዚያ ተነሱና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አስራ ሁለትን እንደገና እንቀርጸዋለን። ወንድምሽንም ሲሻለው አምጪው፤ ወርክሾፑን ላሳየው።»

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። መዝገቧ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ፣ አለቃዋ እየተነጫነጨም ቢሆን ፈቀደላት። ወንድሟን አስገብታ እንደ ሁልጊዜው የሄደች መሰለች፤ ግን አንድ ሰዓት ያህል ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቆይታ ተመለሰች። በሰባት ወር ውስጥ ከክፍሉ በር አልፋ አታውቅም ነበር። ስምንት ወንበሮች፣ ስምንት ማሽኖች። ክፍሉ የበረኪና ሽታ አለው። ደም ከሰውነት ወጥቶ ሲመለስ ስለሚበርድ ሁሉም እስከ አንገታቸው ብርድ ልብስ ለብሰዋል። ማሽኖቹ በየራሳቸው ምት ያጉረመርማሉ።

ሩጤ መስኮቱ ጋ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ዓይኖቹን ጨፍኗል። ታብሌቱ እሱ ጋ የለም። አጠገቡ ባለው ወንበር፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴትዮ ጉልበት ላይ፣ ትራስ ተደግፎ ቆሟል። መምህሩ መስታወቱ ውስጥ ሆነው የተፈታ ፓምፕ ያሳያሉ። ሴትዮዋ በነጻ እጃቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ እየገፉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መዝገቧ ከበሩ ሳትርቅ ቆመች።

«እህቱ ነሽ አይደል?» አሉ ሴትዮዋ ቀና ብለው። «ቁርጥ እሱን ነሽ። ነይ ተቀመጪ፣ በርጩማው ባዶ ነው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሰው እድሜ ያስረዝማል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አስራ ሁለተኛው የት ሄደ?»

«እርስዎ ነዎት የሚያዩት?» አለች መዝገቧ። ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ መሰላት።

«እኔ ነኛ! እሱማ መች ያያል? ሳልጠይቀው ነው የሰጠኝ። ፊልሞቹን አልወደድኳቸውም፣ ጩኸት ናቸው። እነዚህ ግን!» ማሽኑን በአገጫቸው አመለከቱ። «አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የስፌት መኪናዬ ክር ልትበጥስ ስትል ከድምፅዋ ነበር የምለየው። ይሄኛው ግን ደሜን ወስዶ ሲመልስ በመሀል ምን እንደሚያደርገው የሚነግረኝ አጣሁ። ሲስተሯን ስጠይቅ ‹አይስጉ እማማ› ትለኛለች። አይስጉ መልስ ነው? እኚህ ሰውዬ ናቸው ከስሩ ያስረዱኝ። ፓምፕ ነው እኮ! በቃ ፓምፕ ነው። የማውቀው ነገር ደግሞ አያስፈራኝም።»

መዝገቧ እንደምንም ፈገግ ብላ «እግዜር ያኑርዎት እማማ» አለች። ከዚያ በርጩማውን ጎትታ ወንድሟ ራስጌ ተቀመጠች። ሩጤ ዓይኑን ገልጦ ነበር።

«እትዬ፣ ለምን መጣሽ?»

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ምኑ?»

«ካላየህ።»

ለመዋሸት አፉን ከፈተና ተወው። «ከመጀመሪያው ቀን። እዚህ ስቀመጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሁ ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል።»

«ድምፁስ? ፖድካስቶቹን የጫንኩልህ ለዚያ አልነበር?»

«ሰው ሲስቅ ስሰማ እናደዳለሁ።»

«ሰባት ወር!» አለች፣ ሲስተሯ እንዳትሰማ ድምፅዋን አንቃ። «ሰባት ወር ሙሉ ምሳዬን ኮምፒውተር ላይ በላሁ። ዓይኔ ጠፋ። ለማንም ሳይሆን ለአየር! እጄ አመድ አፋሽ ነው አንተ?»

«በምን አፌ ልንገርሽ? ታብሌቱን ስትሰጪኝ ፊትሽን አላየሽውም። መድኃኒት ያገኘሽ ነው የምትመስይው።»

«እና አታለልከኝ።»

«አታለልኩሽ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ግድግዳውን እያየ ተናገረ፦ «እትዬ፣ አትቆጪ። ግን ፋይል ስትጭኚ ለኔ የጫንሽ እንዳይመስልሽ። በር ላይ ታብሌቷን ትሰጪኛለሽ፣ ትሄጃለሽ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አድርገሽ ታስቢያለሽ።»

ስለ ፓምፕ ሙያ፣ ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ ነገ ይዛ የመጣችውን ሁሉ ሳትነግረው ተነስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ታብሌቱ ላይ ምንም አልጫነችም። ምሳዋን እንደ ሰው ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ቁጭ ብላ በላች፤ አልጣማትም። ቤት ውስጥ ከሩጤ ጋር «ጨው አቀብለኝ»፣ «በሩን ዝጊው» ሆነ ወሬያቸው። ተኮራረፉ ለማለት እንኳ አይበቃም። ሁለቱም ለኩርፊያ የሚሆን አቅም አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ሩጤ ጫማውን እያወለቀ «እማማ አስራ ሁለተኛውን ጠየቁ» አለ። «እህትህ ተቀይማኝ ነው ወይ አሉኝ። ያለ ታብሌቱ ቀኑን ሙሉ ማሽኑን ሲያዩ ይውላሉ።»

«አልተቀየምኳቸውም።»

«እኔም ብያቸዋለሁ።»

በማግስቱ መምህሩ ኮሪደር ላይ ያዟት። ተላጭተዋል። ካፖርታቸው ታጥቧል፤ ግሪሱ ባይለቅም ተተኩሷል። በእጃቸው በእርሳስ የተሞላ ወረቀት ይዘዋል። «አስራ ሁለትን ጨረስኩ» አሉ። «ወንድምሽ ጀማሪ ስለሆነ ከበፊቱ ዘርዘር አድርጌዋለሁ። መቼ እንቅረጽ?»

መዝገቧ ልትዋሽ ትችል ነበር። ሰውየው አያውቁም፣ ሊያውቁም አይችሉም። ግን የውሸት ጫፉን ይዞ መጎተት ራሱ ሥራ ሆኖ ታያት፤ ለሌላ ሥራ ደግሞ ጉልበት የላትም። እዚያው ግድግዳ ተደግፋ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወንድሟ አንድም እንዳላየ፣ ያዩት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ እንደሆኑ፣ ሙያ ፍለጋም እንዳልነበር።

መምህሩ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አለቀ፣ ሰውየውንም አሳዘንኩ አለች በልቧ።

«አራተኛውን ሁለት ጊዜ ያዩት እሳቸው ናቸው?» አሉ መምህሩ።

«እሳቸው ናቸው።»

«አርባ ዓመት መኪና ላይ የዋለ ጆሮ ነዋ!» ወረቀቱን መልሰው አወጡት። «እንግዲያው እንዲህ አይሆንም። አስራ ሁለት ስለ ማጣሪያ ነው፤ እኔ ደግሞ የጻፍኩት ለጎረምሳ ነው። እስከ ሰኞ ጊዜ ስጪኝ።»

ሰኞ ከሰዓት ቀረጹ። ካሜራውን እሷ ያዘች። መምህሩ ትንሽ ፓምፕ ከባልዲ ጋር በላስቲክ ቱቦ አገናኝተው ጠረጴዛው ላይ አቁመዋል። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰላምታ አቀረቡ። «እመቤት ሆይ፣» አሉ ካሜራውን እያዩ፣ «እኔ የሕክምና ማሽን አላውቅም፤ የማላውቀውን አላስተምርም። ስለሱ ሐኪሞቹን ይጠይቁ፣ እስኪመልሱልዎ ድረስም አይልቀቋቸው። ፓምፕ ግን ፓምፕ ነው። ማጣሪያው ሲደፈን ምን እንደሚል ያድምጡ።» ቱቦውን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡት። የፓምፑ ድምፅ ከበድ አለ፣ አቃሰተ። ለቀቁት፣ ቀለለ። አስር ጊዜ ያህል ደጋገሙት። አንዴም አልቸኮሉም። መዝገቧ በማዳመጫው እየሰማች፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምትቀዳው ነገር ማን ዘንድ እንደሚደርስ እያወቀች ቀዳች።

ሲጨርሱ ፋይሉን መምህሩ ራሳቸው ሰየሙት። «ለእማማ» አሉት። ደንቡ ክፍልና ቁጥር ይላል፤ አልነካችውም።

አለቃዋ ጋ ገብታ ረቡዕ ረቡዕ ሁለት ሰዓት ዘግይታ ለመግባትና በዚያው ልክ አምሽታ ለመውጣት ጠየቀች። «ምን ተገኘ?» አላት። «ምንም» አለች። ፈረመላት።

ረቡዕ ታብሌቱን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻቸው። ምስጋናቸውን ሳይጨርሱ «ለእማማ» የሚለውን አይተው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። እሷ በርጩማውን ይዛ ሩጤ አጠገብ ተቀመጠች። ባዶ እጇን ነው የመጣችው። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ስታጣ ጉልበቷ ላይ አቆላለፈቻቸው።

ማሽኑ ያጉረመርማል። ሲስተሯ መጣች፣ ቁጥር አየች፣ ጻፈች፣ ሄደች። መዝገቧ ሰዓቷን አየች፤ አስራ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወንድሟ ይህን በሳምንት ሶስት ጊዜ እንዴት እንደሚችለው አሰበች።

«ምን ላውራህ?» አለችው በመጨረሻ። «እኔ ወሬ አላውቅም።»

«አታውሪ። ተቀመጪ ብቻ።»

ተቀመጠች። ብርድ ልብሱ ከትከሻው ወርዶ ስታይ አነሳችለት። ያኔ ነው ሩጤ ግድግዳውን ሳይሆን ጣራውን እያየ መናገር የጀመረው።

«ያን ቀን መንገድ ላይ ወድቄ ሐኪም ቤት የገባሁ ጊዜ፣ ታስታውሺያለሽ? ድንጋይ አደናቀፈኝ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ድንጋይ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሶስት ወር እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ይለኝ ነበር። አውቄ ነው ሐኪም ቤት ያልሄድኩት። ከሄድኩ ያስቆሙኛል ብዬ ፈራሁ።»

መዝገቧ ይህን ሰምታ አታውቅም። ለሐኪሞቹ የተናገረችው ታሪክ፣ ለዘመድ ያስረዳችው፣ በልቧም ያመነችው ድንጋዩን ነበር። ለምን አልነገርከኝም ልትል አሰበች፤ ግን አላለችም።

«አሁንስ ምን ያስፈራሃል?» አለችው።

አሰበ። «አርብ» አለ። «ከዚህ ወጥቼ ትንሽ ቀለል ሲለኝ፣ ገና ሳልደሰት አርብ ትመጣለች። ከአርብ ሰኞ። መጨረሻ የለውም እኮ እትዬ።»

«የለውም» አለች። መርፌ በሌለበት በኩል ያለውን እጁን ያዘች። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። በሁለቱም መዳፎቿ መሀል አድርጋ ታሸው ጀመር። ሩጤ ስለ እግሩ እብጠት፣ ስለ ሞተሩ፣ ተቀምጦ ስላለፋቸው ጠዋቶች ቀስ እያለ ሲነግራት፣ ሰዓቷን ሳታይ ሰማችው። ሲስተሯ መጥታ «የጠያቂ ጊዜ አልቋል፣ ተነሺ» ስትላት፣ ገና ወደ መሀሉ እየደረሰ ነበር።